ደረቅ የጀርመን ነጭ ወይን፦ የትኛው ለየትኛው ማዕድ?

በጀርመን ሱፐርማርኬት የነጭ ወይን መደርደሪያ ፊት ቆሞ ግራ የተጋባ ሰው አይፈረድበትም። የመንደሩ ስም፣ የማሳው ስም፣ የወይኑ ዝርያ፣ የደረጃው ስያሜና የአምራቹ ስም በአንድ ልጣፍ ላይ ተደራርበው ይጻፋሉ፤ ዋጋው ከ4 ዩሮ ተነሥቶ 40 ዩሮን ይሻገራል። በዚህ ላይ ብዙዎቻችን ስለ ጀርመን ወይን የሰማነው ጣፋጭ መሆኑን ብቻ ነው። ዝናው ከሜዳ አልመጣም። በፈረንጆች አቆጣጠር በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ሊብፍራውሚልሽ የሚባል ርካሽና ስኳራማ ነጭ ወይን በገፍ ወደ እንግሊዝና ወደ አሜሪካ ይላክ ነበር። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል፤ ጀርመኖች ራሳቸው ከምግብ ጋር የሚጠጡት በአመዛኙ ደረቁን፣ ማለትም ስኳሩ ከሞላ ጎደል ያለቀውን ነው።

ይህ መመሪያ አምስት ዝርያዎችን ያወዳድራል፦ ሪስሊንግ፣ ሲልቫነር፣ ግራውቡርጉንደር፣ ቫይስቡርጉንደርና ሙለር ቱርጋው። የአምራች ስም አልጠራም። አንዱን ዝርያ በመቶዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ይጠምቁታል፤ ገዢውን የሚጠቅመው የዝርያውንና የአካባቢውን ጠባይ ማወቅ ነው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። «ለዓሣ ነጭ፣ ለሥጋ ቀይ» የሚለው ደንብ ከሚረዳው ይልቅ የሚያሳስተው ይበዛል። ወይን መመረጥ ያለበት ሥጋው የማን ነው ተብሎ ሳይሆን ወጡ ወይም ስጎው ምን ያህል ይኮመጥጣል፣ ምን ያህል ቅቤ ገብቶበታል፣ ምን ያህል ያቃጥላል ተብሎ ነው። ይህ ለጀርመን ምግብም፣ ለእኛው እንጀራም ይሠራል።

## በእርግጥ ደረቅ ነው?

ልጣፉ ላይ የሚፈለገው ቃል «ትሮከን»፣ ማለትም «ደረቅ» ነው። ሕጉ በሊትር እስከ 4 ግራም ቀሪ ስኳር ያለውን ወይን በዚህ ስም መሸጥ ይፈቅዳል። የወይኑ አሲድ ከፍ ያለ ከሆነ ግን ስኳሩ እስከ 9 ግራም ሊደርስ ይችላል፤ ግዴታው ስኳሩ አሲዱን ከ2 ግራም በላይ እንዳይበልጠው ነው። ስለዚህ 7 ግራም አሲድ ያለው ሪስሊንግ 8 ግራም ስኳር ይዞ በሕጋዊ መንገድ ትሮከን ይባላል። ኮምጣጣው ጣፋጩን ስለሚሸፍነው አብዛኛው ጠጪ ስኳሩን አይለየውም።

ቀጥሎ ያለው «ሃልብትሮከን» (ከፊል ደረቅ) እስከ 12 ግራም፣ አሲዱ ከፈቀደለትም እስከ 18 ግራም ስኳር ይይዛል። «ፋይንሄርብ» የሚለው ቃል ሕጋዊ ወሰን የለውም፤ አምራቹ እንደ ፍላጎቱ ይጽፈዋል። ብዙውን ጊዜ ከሃልብትሮከን ጋር እኩል ነው፤ አንዳንዴም ከዚያ ይጣፍጣል።

ትልቁ ወጥመድ ያለው ግን ሌላ ቦታ ነው። «ካቢኔት»፣ «ሽፔትሌዘ»፣ «አውስሌዘ» የሚሉት ስያሜዎች የሚናገሩት ፍሬው ሲለቀም ምን ያህል እንደበሰለ ነው፤ ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ወይን ጣፋጭ ወይም ደረቅ መሆኑን አይናገሩም። ሽፔትሌዘ ትሮከን የተባለ ወይን ደረቅና ጠንካራ ነው። ከጎኑ የቆመው፣ ትሮከን የማይል ሽፔትሌዘ ደግሞ እንደ ማር ሊጣፍጥ ይችላል። ሁለቱ ጠርሙሶች በመልክ መንታ ናቸውና አንዷን ቃል ፈልጎ ማንበብ የግድ ነው።

ቃሏ ካልተገኘች የአልኮሉ መጠን ያጋልጣል። እርሾ ስኳርን በልቶ አልኮል ስለሚያወጣ፣ 8 ወይም 9 በመቶ አልኮል ያለው የጀርመን ነጭ ወይን ያልተበላ ስኳር ቀርቶበታል ማለት ነው። 12 በመቶና ከዚያ በላይ ሲሆን ደረቅ የመሆን ዕድሉ ከፍተኛ ነው። አንዳንድ ጠርሙሶች ላይ የሚለጠፈው ክብ የጥራት ማኅተምም ይረዳል፦ ቢጫው ለደረቅ፣ አረንጓዴው ለከፊል ደረቅ፣ ቀዩ ለጣፋጭ ነው።

ከሁሉም የሚቀለው ዘዴ ግን አዲስ ነው። ከታኅሣሥ 8 ቀን 2023 በኋላ የተመረተ ወይን በአውሮፓ ኅብረት ገበያ ላይ የምግብ ይዘቱን ማሳወቅ አለበት፤ ብዙዎቹ አምራቾች ይህን የሚያደርጉት በኪው አር ኮድ ነው። በስልክ ሲያነቡት በ100 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለውን ስኳር ያሳያል። ያንን በ10 ማባዛት የሊትሩን መጠን ይሰጣል። 0.4 ካለ 4 ግራም ነው፤ ደረቅ። 3 ካለ ወደ መደርደሪያው ይመለስ።

በአሜሪካ ለምትገዙ ደግሞ አንዳንድ የሪስሊንግ ጠርሙሶች ጀርባ ላይ ከደረቅ እስከ ጣፋጭ የሚዘረጋ መስመር ታትሞበት ታገኛላችሁ፤ ቀስቱ የት ላይ እንዳለ ማየት ይበቃል።

## መመዘኛዎቹ

የመጀመሪያውና ዋናው ኮምጣጣነት ነው። ከወይኑ ይልቅ የሚኮመጥጥ ምግብ ወይኑን ውኃ ውኃ ያሰኘዋል። ሎሚ የተጨመቀበት ዓሣ፣ ኮምጣጤ የገባበት ሰላጣና በደንብ የቦካ እንጀራ ሁሉም ይህን ያደርጋሉ። ኮምጣጣ ወይን በተቃራኒው ቅቤና ስብ ከምላስ ላይ ጠርጎ ያነሣል፤ የሚቀጥለው ጉርሻ እንደ መጀመሪያው እንዲጣፍጥ የሚያደርገው እርሱ ነው።

ሁለተኛው የወይኑ ክብደትና የአልኮሉ መጠን ነው። ቀላል ምግብ ከከባድ ወይን ጋር ሲቀርብ ጣዕሙ ይዋጣል። የሚያቃጥል ምግብ ሲሆን ደግሞ አልኮሉ ራሱ ችግር ይሆናል፤ አልኮልና በርበሬ በአፍ ውስጥ አንድ ዓይነት የማቃጠል ስሜት ስለሚቀሰቅሱ አንዱ ሌላውን ያባብሰዋል። በዚህ ረገድ ነጭ ወይን ከቀዩ የሚሻልበት ምክንያት አለ። ቀይ ወይን ከፍሬው ቆዳና ከዘሩ የሚወስደው፣ ድድን የሚያደርቀው ታኒን ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ይሻክራል፤ በነጩ ውስጥ ታኒን ከሞላ ጎደል የለም።

ሦስተኛው መዓዛው ነው፦ ወይኑ በራሱ ብዙ ይናገራል ወይስ ዝም ብሎ ምግቡን ያጅባል? አራተኛው ዋጋው ነው። ዋጋ ስል የጠርሙሱን ብቻ ሳይሆን በዚያ ዋጋ የሚገኘውን ጥራት ነው፤ አንዳንዱ ዝርያ በ7 ዩሮ ጨዋ ወይን ይሰጣል፣ ሌላው ግን በዚያው ዋጋ ስሙን ብቻ ይሸጣል።

## ሪስሊንግ

የጀርመን ነጭ ወይን ሲነሣ ቀድሞ የሚጠራው ይህ ነው። 24 ሺህ ሄክታር ገደማ ይሸፍናል፤ ከአገሪቱ የወይን መሬት ሩብ የሚጠጋው የእርሱ ነው። ስሙ በጽሑፍ የተገኘበት ጥንታዊ ሰነድ በ1435 በሩሰልስሃይም የተጻፈ የሂሳብ መዝገብ ነው፤ ቦታው ዛሬ ከፍራንክፈርት አጠገብ በመኪና ፋብሪካ የሚታወቅ ከተማ ነው።

ሪስሊንግ ዘግይቶ የሚበስል ፍሬ ነው። በቀዝቃዛ አገር ቀስ ብሎ ስለሚበስል መዓዛውን ሲያከማች አሲዱን አይጥልም፤ ኃይሉም ችግሩም ከዚህ ይመነጫል። አፕል፣ ሎሚ፣ ኮክ ይሸታል፤ በጠርሙስ ውስጥ ዓመታት ሲቆጥር ደግሞ ጋዝ የመሰለ ሽታ ያመጣል። ይህን ሽታ ወይኑ ተበላሽቷል ብሎ የሚመልስ ሰው አለ፤ አልተበላሸም። የሚወዱት ሰዎች ሆን ብለው ያስረጁታል።

አካባቢው ጠባዩን በጣም ስለሚለውጠው «ሪስሊንግ ትሮከን» ብሎ መግዛት ግማሽ ምርጫ ነው። የሞዘል ሸለቆ ማሳዎች ስስ ስስ ሆኖ በሚሰነጠቅ ጥቁር ድንጋይ ላይ ያሉ ገደላማ ቦታዎች ናቸው፤ ብሬም መንደር አጠገብ ያለው ካልሞንት በአውሮፓ እጅግ ቀጥ ካሉት የወይን ማሳዎች አንዱ ነው። ትራክተር ስለማይወጣው ሥራው በእጅ ይከናወናል፤ የዋጋው አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው። ከዚህ የሚመጣው ደረቅ ሪስሊንግ ቀጭን፣ ስለታምና አብዛኛውን ጊዜ ከ11 እስከ 12 በመቶ አልኮል ያለው ነው። ወደ ደቡብ ወርደው ፋልስ ሲደርሱ አየሩ ይሞቃል፤ ወይኑ 12.5 ወይም 13 በመቶ ይሆናል፣ የበሰለ ኮክ ይሸታል፣ አፍ ይሞላል። ራይንጋው፣ ናኸና ራይንሄሰን በሁለቱ መካከል ናቸው፤ ራይንጋው ወደ ቁጥብነት፣ ራይንሄሰን ወደ ፍሬያማነት ያደላል።

ከምን ጋር? በቅቤ የተጠበሰ የወንዝ ዓሣ የመጀመሪያው ምርጫ ነው፤ ሎሚ ቢጨመቅበት ይበልጥ ይስማማል። በዘይት የተጠበሰ ሽኒትሰል፣ የፍየል አይብ፣ ሱሺ፣ ዝንጅብልና ሎሚ ሣር ያለበት የእስያ ምግብ ሁሉም ይቀበሉታል። ፋልሶች ዛውማገን ከሚሉት፣ በአሳማ ጨጓራ ውስጥ ሥጋና ድንች ተሞልቶ ከሚቀቀለው ምግባቸው ጋር የሚጠጡትም እርሱን ነው። የዚያ አገር ልጅ የነበሩት ቻንስለር ሄልሙት ኮል ይህን ምግብ ለውጭ አገር መሪዎች ሳይቀር ያቀርቡ ነበር። የእኛ ሰው ለመቅመስ እንደማይቸኩል አውቃለሁ፤ ትምህርቱ ግን ለቅባት ኮምጣጣ ይሻላል የሚል ነው።

ለማን አይሆንም? ሆዱ አሲድ ለማይችል ሰው፣ ጎምዛዛ ነገር ፊቱን ለሚያኮማትረው ሰው፣ በክሬም ለተሠራ ለስላሳ ስጎ። በ5 ዩሮ የሚሸጠው ሪስሊንግም አብዛኛውን ጊዜ አሲድ እንጂ መዓዛ የለውም፤ በዚህ ዝርያ ላይ መቆጠብ አይመከርም።

## ሲልቫነር

ከአምስቱ የእኔ ወገንተኝነት እዚህ ላይ ነው፤ አንባቢ ይህን ይዞ ያንብብ። ሲልቫነር በ20ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ በጀርመን ከሁሉም በላይ የተተከለ ዝርያ ነበር። አሁን ከ5 ሺህ ሄክታር በታች ወርዷል። የወደቀው ጥፋት ኖሮበት አይደለም፤ ጮክ ብሎ ስለማይናገር ነው። ሣር፣ ዕንቁ በርና ትንሽ የአፈር ሽታ አለው፤ አሲዱ መካከለኛ፣ አልኮሉ 12 እና 13 በመቶ አካባቢ ነው።

ቤቱ ፍራንከን የሚባለው አካባቢ ነው። በ1659 ከኦስትሪያ የመጡ ችግኞች በካስቴል መንደር ተተክለዋል፤ በጀርመን ምድር የተመዘገበው የመጀመሪያው ተከላ ያ ነው። በማይን ወንዝ ዳር ያለው የኖራ ድንጋይ አፈር ወይኑን አጥብቆ ይይዘዋል። የፍራንከን ሰዎች ሆዱ ጠፍጣፋና ክብ በሆነ፣ ቦክስቦይተል በሚባል ጠርሙስ ስለሚሸጡት መደርደሪያ ላይ ከሩቁ ይታወቃል። በደረቅ ወይን ላይ ያላቸው አቋምም የጠበቀ ነው፤ ብዙዎቹ ከ4 ግራም ስኳር በታች ካልሆነ ደረቅ አይሉትም። ራይንሄሰንም ብዙ ሲልቫነር አለው፤ ከፍራንከኑ ይቀልላል፣ ይረክሳልም።

ሲልቫነር የሚያስመሰግነው ሌሎቹ የሚሸሹትን ምግብ መቀበሉ ነው። ነጭ አስፓራገስን ውሰዱ። በጀርመን በፈረንጆች አቆጣጠር ከሚያዝያ ጀምሮ እስከ ሰኔ 24 ቀን ድረስ አገሩ በሙሉ ይህን አትክልት ከቀለጠ ቅቤ ወይም ከእንቁላል አስኳልና ከቅቤ ከሚሠራው ሆላንዴዝ ስጎ ጋር ይበላል። አስፓራገስ መረር ያለ ጣዕም ስላለው ከታኒን ጋር ይጣላል፣ በእንጨት በርሜል ከቆየ ወይን ጋር ይጣላል፣ በጣም ከኮመጠጠ ሪስሊንግም ጋር ብዙ አይግባባም። ሲልቫነር ግን የሣር ሽታውን ይዞ ገብቶ ምንም ሳይነካ ይወጣል። የፍራንክፈርቱ አረንጓዴ ስጎም እንዲሁ ነው፤ ሰባት ዓይነት ቅጠል ተከትፎ ከኮምጣጣ ክሬም ጋር ይደባለቅና በቅቅል እንቁላልና በድንች ይቀርባል። ጎመን፣ ቆስጣ፣ ድንች፣ ካሮት የበዛበት ማዕድ ላይ ሌላ ወይን ከማሰብ በፊት ይህን ማሰብ ይገባል።

በዋጋም ቢሆን አምራቾቹ የሪስሊንግን ያህል ስለማይጠየቁበት በ8 ዩሮ የሚገኘው ሲልቫነር በ8 ዩሮ ከሚገኘው ሪስሊንግ ብዙ ጊዜ ይበልጣል። ድክመቱ ግልጽ ነው፦ በርበሬ ሲመጣበት ይጠፋል።

## ግራውቡርጉንደር

ፈረንሳዮች ፒኖ ግሪ የሚሉት ነው። ቆዳው ግራጫና ሐምራዊ ይቀላቅላል። በጀርመን ሩሌንደር የሚል ሌላ ስምም አለው፤ በ1711 ሽፓየር ከተማ ይህን ወይን ያስፋፋው የነጋዴው ዮሐን ሩላንት መታሰቢያ ነው። ዛሬ በዚያ ስም የሚሸጠው አብዛኛውን ጊዜ ጣፋጭና ከባድ ስለሆነ ደረቁን የሚፈልግ ሰው ግራውቡርጉንደር የሚለውን ያንሣ።

ባደን፣ ፋልስና ራይንሄሰን ዋና ቦታዎቹ ናቸው። አሲዱ ዝቅተኛ፣ ሰውነቱ ሙሉ፣ አልኮሉ ከ12.5 እስከ 13.5 በመቶ ነው። ዕንቁ በርና ለውዝ ይሸታል። ክሬም ያለበት ስጎ፣ እንጉዳይ፣ የተጠበሰ ዶሮ፣ ሳልሞን፣ ቀይ ሽንኩርትና ክሬም ተደርጎበት እንደ ፒዛ የሚጋገረው ፍላምኩኸን ተመራጮቹ ናቸው።

የጀርመን ሕዝብ በጣም ወድዶታል፤ ፈላጊው በበዛ ቁጥር ደግሞ ፈሳሹ ይቀጥናል። በርካሹ መደርደሪያ ላይ ያለው ብዙው ግራውቡርጉንደር ስምና ውኃ ነው። ከ9 ዩሮ በታች ባልገዛው እመርጣለሁ።

## ቫይስቡርጉንደር

የግራውቡርጉንደር የቅርብ ዘመድ ነው፤ አሲዱ ትንሽ ከፍ፣ ሰውነቱ ትንሽ ቀለል ይላል። ማንንም የማያስቀይም ወይን ነው፤ ይህን የምለው በምስጋና ነው። ስድስት እንግዳ መጥቶ የማን ምላስ ምን እንደሚወድድ ካልታወቀ፣ አንዱ ዓሣ ሌላው እንቁላል ያለበት ምግብ ካዘዘ፣ የሚመረጠው እርሱ ነው። የጥጃ ሥጋ፣ ነጭ ዓሣና ለስላሳ አይብ ይስማሙታል።

## ሙለር ቱርጋው

በ1882 ጋይዘንሃይም በሚገኘው የምርምር ተቋም ይሠራ የነበረው ስዊዘርላንዳዊው ሄርማን ሙለር ያዳቀለው ነው፤ ቱርጋው የመጣበት የስዊዘርላንድ ክፍለ ሀገር ነው። ለረጅም ጊዜ የሪስሊንግና የሲልቫነር ልጅ ይባል ነበር። የዘረመል ምርመራ ሲደረግ ሁለተኛው ወላጅ ማድለን ሮያል የሚባል ሌላ ዝርያ ሆኖ ተገኘ። ቶሎ ይበስላል፣ ብዙ ያፈራል፣ አሲዱ ለስላሳ ነው፣ አበባ አበባ ይሸታል። ሊብፍራውሚልሽን የሞላውም በአብዛኛው እርሱ ነበርና ስሙ ጎድፏል፤ ብዙ አምራቾች ደረቁን «ሪቫነር» ብለው የሚሸጡት ለዚህ ነው። በበጋ ቀን ከሰላጣ፣ ከሳንድዊች፣ ከቀላል ዓሣ ጋር ቀዝቅዞ ይጠጣ። ከሁለት ዓመት በላይ አይቀመጥ።

## ማጠቃለያ ሰንጠረዥ

| ዝርያ | ኮምጣጣነት | ክብደት | የሚስማማው | የማይስማማው | የሚያስኬድ ዋጋ በዩሮ |
|---|---|---|---|---|---|
| ሪስሊንግ፣ ሞዘል | ከፍተኛ | ቀላል | ዓሣ በሎሚ፣ ሱሺ፣ እንጀራ በቀላል ወጥ | የክሬም ስጎ | 9–14 |
| ሪስሊንግ፣ ፋልስ | ከፍተኛ | መካከለኛ | ሽኒትሰል፣ ጥብስ፣ ቅባት ያለው ሥጋ | በጣም የሚያቃጥል ወጥ | 9–14 |
| ሲልቫነር | መካከለኛ | መካከለኛ | አስፓራገስ፣ ጎመን፣ አልጫ | በርበሬ የበዛበት | 7–12 |
| ግራውቡርጉንደር | ዝቅተኛ | ከባድ | ክሬም፣ እንጉዳይ፣ ዶሮ ጥብስ | እንጀራ፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ | 9–14 |
| ቫይስቡርጉንደር | መካከለኛ | መካከለኛ | ነጭ ዓሣ፣ እንቁላል፣ የጥጃ ሥጋ | ጠንካራ ቅመም | 8–12 |
| ሙለር ቱርጋው | ዝቅተኛ | ቀላል | ሰላጣ፣ ቀዝቃዛ ምግብ | ከባድ ወጥ፣ የተጠበሰ ሥጋ | 5–7 |

## እንጀራ ሲቀርብ

በፍራንክፈርት ወይም በኮሎኝ የሚኖር ሐበሻ እንግዳ ጠርቶ ወይን ሲገዛ ከላይ ያለው ሰንጠረዥ በቀጥታ አይሠራለትም፤ ከሁሉም ወጥ ሥር እንጀራ አለና። እንጀራ ራሱ ኮምጣጣ ምግብ ነው። ፈትኑት፦ ግራውቡርጉንደር አንድ ጊዜ ተጎንጩ፣ የእንጀራ ቁራሽ ብሉ፣ እንደገና ተጎንጩ። ሁለተኛው ጉንጭ ያለ ጣዕም ይቀራል። በሪስሊንግ ያንኑ ብታደርጉ ወይኑ ይለሰልሳል፤ ጎምዛዛነቱ ተቀንሶ መዓዛው ይወጣል። ስለዚህ ለእንጀራ መነሻው ሪስሊንግ ነው፤ የሚቀረው የትኛው ሪስሊንግ የሚለው ነው።

የበያይነቱ ትሪ ላይ ሽሮ፣ ክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር፣ አዚፋ ጎን ለጎን ይቀርባሉ። ሰናፍጭና ሎሚ ያለበትን አዚፋ ከአምስቱ የሚቋቋመው ደረቅ የሞዘል ሪስሊንግ ብቻ ነው፤ ለእርሱ ከሆነ ለሌሎቹም ይሆናል። ትሪው በአልጫና በጎመን የሚያደላ ከሆነ ሲልቫነር ይወዳደረዋል። እርድና ዝንጅብል ያለበት የበግ አልጫ ከፍራንከን ሲልቫነር ጋር ሲቀርብ በጣም ደስ ይላል።

ሮዝመሪ፣ ሽንኩርትና ቅቤ ያለበት ጥብስ የፋልስ ሪስሊንግ ይፈልጋል። ሚጥሚጣው ተቆጥቦ የተሠራ ክትፎም እንዲሁ፤ ንጥር ቅቤውን የሚያነሣ አሲድ ያስፈልጋል፣ አይቡም ከወይኑ ጋር ይስማማል።

ዶሮ ወጥ ላይ ስንደርስ ግን ይህ መመሪያ ከርእሱ ማፈንገጥ አለበት። ሽንኩርቱ ለሰዓታት ተቁላልቶ ጣፋጭ ሆኗል፣ በርበሬው ወፍራም ነው፣ ቅቤው ብዙ ነው። 13 በመቶ አልኮል ያለው ደረቅ ወይን ይህን ቃጠሎ ያባብሰዋል፤ ወጡ ያለው ጣፋጭነትም ደረቁን ወይን የበለጠ ደረቅ፣ እንዲያውም መራራ ያስመስለዋል። እዚህ ላይ የሚሻለው ፋይንሄርብ ወይም ሃልብትሮከን ሪስሊንግ ነው፦ 10 ወይም 11 በመቶ አልኮል፣ ትንሽ ስኳር፣ ብዙ አሲድ። አባቶቻችን ከዶሮ ወጥ ጎን ጠጅ ያስቀመጡት በከንቱ አልነበረም፤ ማሩ በርበሬውን ያበርደዋል። ደረቅ ካልሆነ አልጠጣም ለሚል እንግዳ ከሞዘል 11.5 በመቶ ያልበለጠ ትሮከን ፈልጋችሁ በደንብ አቀዝቅዛችሁ ስጡት። በመዓዛ ለመጫወት የሚወድድ ደግሞ ሾይሬበ የሚባለውን ይሞክር፤ በ1916 ጌዮርግ ሾይ በአልሳይ ያዳቀለው ዝርያ ሲሆን፣ የግሬፕፍሩት ሽታው ከኮረሪማና ከዝንጅብል ጋር የሚገርም ጓደኝነት አለው።

## በጀትና ሁኔታ

ገንዘቡ ከ5 እስከ 7 ዩሮ ከሆነ ሪስሊንግና ግራውቡርጉንደር ይለፉ፤ ሪቫነር ወይም የራይንሄሰን ሲልቫነር ይሻላል። ብዙ ሰው የሚጋበዝበት ዝግጅት ላይ በአንድ ሊትር ጠርሙስ የሚሸጠውን የአምራቹን ወይን መፈለግ ብልህነት ነው፤ በፋልስና በራይንሄሰን የተለመደ ነው፣ አምራቹም ስሙን ስለሚያኖርበት ከፋብሪካው ይሻላል።

ከ8 እስከ 14 ዩሮ ያለው ክልል የዚህ አገር ነጭ ወይን ጥራትና ዋጋ የሚገናኙበት ነው። ልጣፉ ላይ «ጉትስአብፉሉንግ» የሚል ካለ ፍሬውን ያመረተው፣ የጠመቀውና ጠርሙስ ውስጥ የሞላው አንድ ቤት ነው። ከወር አስቤዛ ጋር አንድ ጠርሙስ ለሚገዛ ሰው ከዚህ በላይ መሄድ አያስፈልገውም።

ከ15 እስከ 25 ዩሮ የመንደር ስም ያለባቸው ወይኖች ይገኛሉ፤ ለበዓል፣ ለሠርግ ስጦታ፣ ለአለቃ ግብዣ ይሆናሉ። ከ30 ዩሮ በላይ «ግሮሰስ ጌቬክስ» አለ። በ1910 የተመሠረተው፣ በጠርሙሱ ክዳን ላይ ንሥር የሚያትመው ፋው ዴ ፔ የተባለው የአምራቾች ማኅበር ከምርጥ ማሳዎች ለሚገኝ ደረቅ ወይን የሚሰጠው ስም ነው፤ ሁልጊዜም ደረቅ ነው። ለመጠጣት ይሁን ካላችሁ ሦስት አራት ዓመት አስቀምጡት፤ አዲሱ ገና ተቆልፎ ነው የሚመጣው። ከወጥ ጋር ግን አይቅረብ። ለእርሱ የሚገባው በቅቤ ብቻ የተጠበሰ ጥሩ ዓሣ ነው።

ጥቂት የአቀራረብ ነገር ደግሞ አለ። ቀለል ያሉትን ከ8 እስከ 10 ዲግሪ፣ ግራውቡርጉንደርንና ከባዱን ሪስሊንግ ከ10 እስከ 12 ዲግሪ ማቅረብ ይገባል፤ ከማቀዝቀዣ ወጥቶ ወዲያው ሲቀዳ መዓዛው አይሰማም። ጠርሙሱ ሥር ስኳር የመሰለ ነጭ ብልጭልጭ ደቃቅ ከታየ የወይኑ የራሱ አሲድ ረግቶ ነው፤ አይጎዳም። የብረት ክዳን ርካሽነትን አያመለክትም፤ ጀርመኖች ጥሩውንም በዚሁ ይከድኑታል። የተረፈው በክዳኑ ተዘግቶ በማቀዝቀዣ ውስጥ ሦስትና አራት ቀን ይቆያል፤ ሪስሊንግ ከሆነ በሁለተኛው ቀን አንዳንዴ ይሻሻላል። አልኮል ለማይጠጡ እንግዶች አልኮሉ የወጣለት ሪስሊንግ በየሱፐርማርኬቱ አለ፤ አልኮሉ ሲወጣ ሰውነቱን ስለሚያጣ አምራቾች ጣፋጭነት ይጨምሩበታልና ስኳሩን ከኪው አር ኮዱ አይቶ መግዛት ነው።